የወንድሜ ስልሳ ዋት

ከሆስፒታል በሰጡን ከረጢት ውስጥ የወንድሜ ቀበቶ፣ ስልኩና በባትሪ የሚሠራው ማጨሻው፣ ቬፑ፣ ነበሩ። ቀበቶውንና ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። ቬፑን ኪሴ ከተትኩት። እማዬ እንደሚያጨስ አታውቅም ነበር። እኔ ደግሞ... እንዴት ልበለው፣ ሞቶ እንኳ እናቱ ፊት እንዲያፍር አልፈለግሁም።

ታላቄ ነው። ዲቪ ደርሶት ቀድሞን አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ የገባው እሱ ነው፤ ኋላ እኛን ያስመጣንም እሱ። ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ ሃይዌዩ በረዶ ነበር። መኪናው ተገለበጠ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቬፕ የጀመረው ሲጋራ ለመተው ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆመን አሠራሩን ያሳየኝ ቀን አሁንም ይታየኛል።

«ፊዚክስ ጎበዝ ነኝ ትል አልነበር? በል ንገረኝ፣ ኦሙ ሲያንስ ምን ይሆናል?»

«ከረንቱ ይበዛል።»

«ጎሽ! አንተን ያስተማረ መንግሥት አልከሰረም» ብሎ ሳቀብኝ።

ኮይል ማለት ፈሳሽ የጠጣ ጥጥ የከበባት ትንሽ ሽቦ ናት። ሽቦዋ ስትግል ፈሳሹ ይተንናል። የሱ ኮይል ዜሮ ነጥብ ሁለት ኦም ነበር፤ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። አርባ ዋት ላይ ውሃ ውሃ ይላል፣ ሰማንያ ላይ ጉሮሮ ይፈጃል። ስልሳ ላይ ግን የፈሳሹ የማንጎ ሽታ ልክ ይመጣል። ሁልጊዜ ስልሳ ላይ ነበር።

እማዬ ያ ሽታ ሽቶ ይመስላት ነበር። «ይሄ ልጅ የሴት ሽቶ ነው የሚቀባው» ትላለች።

«አሜሪካ ውስጥ የወንድ ነው እማዬ» ይላታል። እኔን በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

ከሞተ በኋላ ጃኬቱን አላጠበችውም። በሩ አጠገብ ሰቀለችው። ባለፈች ቁጥር አፍንጫዋን እጅጌው ላይ ታደርጋለች። እየቆየ ግን ሽታው ጠፋ። መጥፋቱን ያወቅሁት ማሽተት ስታቆም ነው። ምግብም እምቢ አለች።

ለቅሶ ደራሹ ቀለል ያለ ሰሞን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቬፑን ሳብኩት። ስለናፈቀኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ስወጣ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«ሸተተህ?»

«ምኑ?»

«ልጄ። ልጄ መጥቶ ነበር።»

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ያን ቀን ምሳ በላች።

ጎረቤታችን አሉ፣ እትዬ የምንላቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሴት ናቸው። እማዬ ስትነግራቸው አለቀሱ። «መልካም መዓዛማ ነፍሱ ብታርፍ ነው። ተመስገን በይ» አሏት። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። እሷ ስትከፋ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ፤ ጭሱን በበሩ ሥር እተነፍሳለሁ። እሷ ተነስታ ታማትባለች። ለሷ ብዬ ነው እል ነበር። ለራሴም ነበር። ግን ደግሞ ከበሩ ጀርባ እናቱን እንደሚያታልል ሌባ ተንበርክኬ ራሴን አየዋለሁ።

የአርባው ዋዜማ ላይ ኮይሉ አለቀ። ኢስተን የገበያ ማዕከል አካባቢ ወዳለ የቬፕ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ኮይሉን አገላብጦ አየው።

«ይሄ የለንም። ዜሮ ነጥብ ስድስት አለ፣ ይገጥምልሃል። ግን ዋቱን አውርደው። ከሃያ አምስት በላይ አይችልም።»

ገብቶኛል። የዚችኛዋ ሽቦ ቀጭን ናት፤ በስልሳ ጥጡ ያርራል። ይህን ለማወቅ ሻጭም አያስፈልገኝም ነበር።

ቤት ገብቼ ኮይሉን ቀየርኩ። ጥጡ ፈሳሹን እስኪጠጣ ጠበቅሁ። ከዚያ ማሳያውን አየሁ። ስልሳ። መቀነሻው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። አልተጫንኩትም። ያንን ቁጥር እዚያ ያቆመው የሱ ጣት ነው። አንዴ ካወረድኩት መልሼ ስልሳ ባደርገው እንኳ የኔ ስልሳ ነው የሚሆነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብስበው ምንም አይሆንም አልኩ።

ሳብኩት። ጥጡ አረረ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ሳል ያዘኝ። የተቃጠለ ስኳርና የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ በበሩ ሥር ወጣ።

እማዬና እትዬ ወጥ ቤት ለተዝካሩ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር።

«ምንድነው የሚሸተኝ?» አለች እማዬ።

«ድስት ይዞ ይሆናል» አሉ እትዬ።

«ምድጃው መች በራ!» ቢላዋዋ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ጮኸች። «ልጄ ነው! ልጄን እሳት ውስጥ ከተውብኝ!»

ስወጣ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። እትዬ እጇን ለመያዝ ይታገላሉ። ቬፑን በመዳፌ ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነው አንተ?»

«ሽታው። ማንጎውም... እሱም እኔ ነበርኩ።»

መዳፌን አየች። «የማነው?»

የኔ ነው ማለት እችል ነበር። ቢያንስ ስሙ ይተርፍ ነበር።

«የሱ» አልኩ።

«ያጨስ ነበር?»

«ሲጋራ ሊተው ብሎ ነው።»

«እሳት አለው?»

«ሽቦ ነው የሚግለው። ኮይሉ ዜሮ ነጥብ ስድስት ነው፣ እኔ ስልሳ ዋት ላይ ስላደረግሁት ጥጡ...» እናቴ መሬት ላይ ሆና እኔ ስለ ዋት አስረዳለሁ።

«እሳት አለው ወይ ነው ያልኩህ!»

«የለውም እማዬ። እሳት የለውም።»

«እሳት ከሌለው ይሁን» አለች በቀስታ። እትዬን ተደግፋ ተነሳች። ጃኬቱን ከመስቀያው አወረደችው። አላሸተተችውም። ማጠቢያው ውስጥ ከታ ማሽኑን አስነሳችው። 

በማግስቱ ለተዝካሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጃኬቱን አመጣችልኝ።

«ብርድ ነው፣ ልበሰው።»

ለበስኩት። እጅጌው ረዘመብኝ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቧ ቆሜ አንዴም ቀና ብዬ አላየኋትም።