ሳነቴ ላይ የሚፈላ ውሃ

ዙሀይራ አንዲት መስታወት ለማብራት ሦስት ዓመት ለፋች። ሮቤ በሚገኘው ቤተ ሙከራዋ፣ ከጥፍር በማትበልጥ መስታወት ላይ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ፕላስቲክ ታነጥፋለች፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ራሱ ያበራል። ፕላስቲክ! የሰማ ሁሉ አያምንም።

ከአንዱ ጎን ኔጋቲቭ፣ ከሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይገባል። መሀል ላይ ከተገናኙ ብርሃን ይወለዳል፤ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ከዘገየ ግን ሳይገናኙ ይተላለፋሉ።

«ፕላስቲክ ትድሪያለሽ፣ አንቺን ማን ይዳርሽ?» ትላት ነበር የሥራ ባልደረባዋ መቅዲ። መቅዲ አምና ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ውጪ ዙሀይራን የሚያነጋግሯት፣ ዓርብ ዓርብ ከአንገቱ ከተማ የሚደውሉት እናቷና የሕንፃው ጥበቃ ኦቦ ነገሪ ብቻ ናቸው።

አሥራ አንድ መስታወት ብልጭ እያለ ጠፋባት። ከሥር የምታነጥፈው ስስ ሽፋን በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ የቻርጁን መንገድ ያበላሻል። እሷ ግን እንደሚፈለገው በመቶ ሠላሳ ዲግሪ ታደርቀዋለች። የቴርሞሜትሩ ቁጥር ስለጠፋ በራሷ እጅ ምልክት አድርጋበታለች፦ በረዶ ላይ ዜሮ፣ የፈላ ውሃ ላይ መቶ፣ ከዚያ በላይም በዚያው ልክ። አሁን የቀራት ፕላስቲክ ለአንድ መስታወት ብቻ ይበቃል። እሱም ከጠፋ ጥናቷ ይዘጋል።

አንድ ቀን ኦቦ ነገሪ ምሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባቄላ ቅመሺ። ሳነቴ ተራራ ላይ ከብት ስንጠብቅ ቀኑን ሙሉ ቀቅለነው ጥርስ ይሰብር ነበር። እዚያ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀት ግን የለውም።»

ዙሀይራ ማላመጧን አቆመች። ሮቤም ደጋ ናት! እዚህ ውሃ የሚፈላው ዘጠና ሁለት ግድም ነው። የእሷ መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሃያ እንኳ አይሞላም።

«ኦቦ፣ ይህንን እኮ በየዓመቱ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ!»

«ታዲያ አንቺ ያን ቀን ቀርተሽ ነበር?»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ምልክቱን አስተካክላ የመጨረሻዋን መስታወት አደረቀች፤ ፕላስቲኩን አነጠፈች፤ መጋረጃውን ዘግታ ሽቦውን አገናኘች።

በራ።

ሳይንቀጠቀጥ፣ ጸጥ ብሎ በራ። ወደ በሩ ሮጠች። የኦቦ ነገሪ ወንበር ባዶ ነው፤ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሄደዋል። መተላለፊያው ከዳር እስከ ዳር ሰው የለበትም። አየር ያገኘው እንዲህ ያለ ብርሃን ብዙ አይቆይም። ተመልሳ የብርሃኑን መጠን በቁጥር መዘገበች፤ ከቀድሞዎቹ ሦስት እጥፍ ነበር። ጥናቷ ተርፏል። ከዚያ እስኪጠፋ ድረስ አጠገቡ ብቻዋን ቆመች።

ኦቦ ነገሪ ሲመለሱ መስታወቷን ጠቁራ አገኟት።

«በራ?»

«በራ።»

«ቀለሙስ ምን ይመስላል?»

ደብተሯን ገልጣ ቁጥሩን አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ዲንሾ ላይ ገብስ ሊደርስ ሲል... አይደለም። ይቆዩ፣ ኦቦ። ይቆዩ ልንገርዎት።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ከበሩ አምጥተው ተቀመጡ።