ሰሌዳዬ ላይ የሰቀልኩት ልጅ

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና፣ ዳምቦያ ወይም ቦኖሻ ገበያ ላይ ፎቶ የተነሳ ሰው ካለ ምናልባት ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሰድቤውም ይሆናል። አውሮፕላን የተሳለበትን መጋረጃዬን ጋሪ ላይ ጭኜ ከገበያ ገበያ እዞር ነበር። አፌ ክፉ ነው። «አንተ፣ አፍህን ግጠም! ጥርስ ልትነቀል ነው እንዴ የመጣኸው?» እላለሁ። ገበያተኛው ይስቃል፣ ተነሺው ድርቅ ይላል። አንዷን ሙሽራማ አስለቅሼ ነው ያነሳኋት። እንዲያ ስትሆን ነው ያማረችው ብዬም ተከራክሬያለሁ።

ከሁሉ የምወደው ሰሌዳዬን ነበር። ሥራዬ ይታይልኝ ብዬ ምርጥ ምርጡን ፎቶ በሚስማር የምሰቅልበት ጣውላ ነው። ሰው ቆሞ ሲያደንቅልኝ ልቤ ይቀልጣል። ምን ልበል፣ ሙገሳ ይገድለኛል።

አንድ ቀን ከሌሞ ገጠር የመጣች እናት ሰው እስኪሳሳ ጠብቃ ተጠጋችኝ። ቤቷ የምታወራው ሀዲይኛ ነው፣ አማርኛዋ ቀስ እያለ ይወጣል። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ «ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ሄዷል» ብላ ለገበሬ ማህበሩ ተናግራለች። ልጁ ግን የትም አልሄደም፤ ቀን ቀን ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚውለው። «ከወሰዱብኝ መልኩ እንኳ ይቅርልኝ» አለች። ጴንጤ ናት፣ መሐላ አትወድም፤ ያን ቀን ግን ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩላት።

በማግስቱ ሄድኩ። ልጁ ከእንሰቱ መሃል ወጣ። ፀሐይ ካየ ስለቆየ ገርጥቷል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በሰፋፊዎቹ ቅጠሎች መሃል ሾልኮ የገባው ብርሃን ግንባሩ ላይ አርፏል። ወይ ጉድ! በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ብርሃን አላጋጠመኝም። አንዴ ብቻ አነሳሁት።

ለእናትየዋ አንድ ፎቶ አጠብኩላት። ለራሴም አንድ አጠብኩ። ቦኖሻ ሩቅ ነው፣ እዚያ ማን ያውቀዋል ብዬ ሰሌዳዬ መሃል ላይ ሰቀልኩት።

በቦኖሻ ገበያ ካኪ የለበሰ ሰውዬ ፎቶው ፊት ቆሞ ቀረ።

«አቤት ፎቶ! አንተ ነህ ያነሳኸው?»

«ታዲያ ማን ሊያነሳው ኖሯል?»

«መቼ ነው ታዲያ?»

«ባለፈው ሳምንት፣ ሌሞ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ማንም ሳይጠይቀኝ የመንደሩን ስም ጨመርኩለት። ስለ ብርሃኑም፣ ስለ እንሰቱም አስረዳሁት፤ ምላሴን በቆረጠው! ሰውዬው እያዳመጠ ፎቶውን ከሚስማሩ ነቀለና ኪሱ ከተተ።

«ወንጂ እንዲህ ቅርብ ኖሯል?» አለኝ።

በሬ ሊገዛ የመጣ የዚያው መንደር ገበሬ ማህበር ሊቀመንበር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ከእንሰቱ ውስጥ ጎትተው አውጥተው ወደ ሰሜን ጫኑት። ማን እንደጠቆመ ለእናትየዋ አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳት። የመሃሏን ሚስማር ባዶዋን ተውኳት፤ ሌላ ፎቶ ልሰቅልባት እጄ እምቢ አለኝ። ስድቤን ግን አልተውኩም፣ እንዲያውም ባሰብኝ።

ከዓመት በኋላ ሆሳዕና ገበያ መጣች። ከሩቅ ሳያት መጋረጃዬን መጠቅለል ጀመርኩ። አውቃለች፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው አልኩ። ምነው ባዋረደችኝ! እጄን ይዛ ሳመችው።

«አንተ ባታነሳልኝ መልኩንም አጥቼው ነበር። ጌታ ይባርክህ ልጄ» አለች።

ደብዳቤ የለም፣ ወሬም የለም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ፎቶ ፈታች። ከመሳም ብዛት ጠርዙ አልቋል።

«አንተ ገበያ ሁሉ ትዞራለህ። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር አይቶት ይሆናል። እዚህ እንጨትህ ላይ ስቀልልኝ፣ ሰው ሁሉ ይየው» አለችኝ።

ፎቶውን ሳልቀበላት እሷው ባዶዋን ሚስማር አገኘቻትና በገዛ እጇ ሰቀለችው። ራቅ ብላ አየችው፣ ተመልሳ አቃናችው።

«አሁን ደህና ይታያል?» አለችኝ።

«በደንብ ይታያል፣ እናቴ» አልኳት።