የኋላው ቀኝ ጎማ

ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን ከወንበሬ ሥር የሆነ ነገር ተርገፈገፈ። ኮረኮንች መሰለኝ፤ አስፋልቱ ግን ልሙጥ ነው። ሚኒባሱ ሲፈጥን ይብሳል፣ ሲያዘግም ይቀንሳል። ከወንዛዬ ፍል ውሃ ጉልበቴን ታጥቤ ብቻዬን መመለሴ ነው። ተሳፋሪውን አየሁ፤ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዷ ስልኳን ትነካካለች፣ ልብ ያለ የለም። እኔ ግን ይህን መርገፍገፍ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ልጄን ታቅፌ ተቀምጬበታለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደምሴን አግብቼ ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር ከመጣሁ ሁለት ክረምት ሆኖኛል። ደምሴ በአሮጌ ፒካፕ ከገሳይ ድንች ያመላልሳል፤ በጭጋግ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። እኔ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከልጄ ከእመቤት ጋር እውላለሁ። ዘመድ የለኝ፤ ጎረቤቶቼ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ ጠዋት በራቸውን ቆልፈው ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ የማወራው ከልጅቷ ጋር ነው፤ እሷም ገና አፏን አልፈታችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ የፒካፑ ያለቀ ጎማ በጭቃው ተንሸራቶ ገደል ቢገባ ማን መጥቶ ይነግረኛል?

ስለዚህ ደምሴ ሲመጣ፣ ገና ከደጃፉ፣ "ደረስኩ፣ ደህና ነኝ" እንዲል አስለመድኩት። ካላለ እራት አላቀርብም።

"ቆሜ እያየሽኝ?" ይለኛል።

"ልስማው" እላለሁ።

መስከረም ላይ እንደምንም ብሎ አራት አዲስ ጎማ ገዛ። ልጄን አዝዬ ጎሚስታው ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ጎማዎቹ ቸርኬያቸው ላይ ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ሳለ፣ ሁለቱ ወንዶች ምሳ ሊበሉ ማዶ ተሻገሩ፤ እኔ ዕቃ ልጠብቅ ቀረሁ። ከመቀነቴ እምነት አወጣሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሰጡኝን፣ ሕመምተኛ ግንባሩን የሚቀባውን የተባረከ አፈር። በጠበል ለወስኩትና የአንዱን ቸርኬ ውስጠኛ ፊት፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገጥምበትን ቦታ፣ ወፈር አድርጌ ለቀለቅሁት። አራቱንም ልቀባ ነበር ሐሳቤ፤ ድምፃቸውን ስሰማ አንዱ ላይ ቀረሁ። እሱም ከኋላ፣ በቀኝ በኩል ገባ። እሰይ፣ እኔና ልጄ በምንቀመጥበት በኩል፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው መርገፍገፍ ያዘ። ጎሚስታው "አዲስ ነው፣ እስኪላመድ ነው" አለ። ሳምንት ሞላው፤ አልተላመደም። ነፋሱን ለኩ። የፊቶቹን ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ ባላንስ አሠራቸው። እነዚያኑ የፊቶቹን ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ፤ የኋላዎቹን የነካ የለም። ያው ነው።

"መሪው ጭራሽ አይንቀጠቀጥም፤ ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?" ይላል ደምሴ ራሱን እያከከ።

ከኋላ እንደሆነ መቀመጫዬ ነግሮኛል። አፌ ግን እንቢ አለ። አንዴ ይስቅብኛል ብዬ አፍራለሁ፣ አንዴ የተባረከ ነገር እንዴት ጥፋት ያመጣል ብዬ እፈራለሁ። እንዲህ ሆኜ ጥቅምት ገባ።

አንድ ጠዋት እኔና እመቤት አብረነው ወደ ገሳይ ወጣን። በየማሳው ገብሱ መቅላት ጀምሯል፤ ለመንገድ በሶ ይዣለሁ። አንዱን ቁልቁለት ስንጀምር መርገፍገፉ ድምፅ አወጣ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የልጄ ጉንጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በቀኜ ገደል ነው።

"አቁም!"

"ምን ሆንሽ?"

"የኋላው ቀኝ ነው። እኔ ነኝ፣ እምነት ቀብቼዋለሁ።"

"ምን አደረግሽ?"

"ቸርኬውን ቀባሁት! አቁም በሞቴ!"

አቆመ። ወርዶ ጎማውን በእግሩ ገፋ ሲያደርገው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ተወዛወዘ። ከስድስቱ ቡሎን ሁለቱ የሉም፤ የቀሩት በጣት ይዞራሉ። አፈሩ ደርቆ እየተፈረፈረ ሲረግፍ ቡሎኑ ሁሉ ላልቶ ኖሯል። ደምሴ ክሪኩን አውጥቶ ጎማውን ፈታ። የቀረውን ዱቄት በጣቱ ጠረገ፤ መሬት ላይ ሊያራግፈው ሲል ተወው። መጥቶ የእመቤትን ግንባር ቀባ፣ ከዚያ የእኔን።

"ቦታው እዚህ ነው፣ አንቺ የአንበሳሜ ደብተራ" አለኝ።

እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። ከፊት ጎማዎች አንድ አንድ ቡሎን ወስዶ አሟልቶ አጠበቀው። እያዘገምን ገሳይ ገባን፤ መኪናው ዝም ብሎ ነበር።

ደምሴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። የወሰደው መንገድ አይደለም፣ ጉበቱ ነው። እመቤት ሐዋሳ ትማራለች።

"የኔ ልጅ፣ የኋላውን ጎማ እይልኝ" አልኩት የሚኒባሱን ሾፌር።

"እትዬ፣ ትናንት የገባ አዲስ ጎማ እኮ ነው!"

"እሱን ነው የምፈራው።"

"መካኒክ ጭነናል ለካ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ።

"ካላየኸው አውርደኝ" አልኩ። ዘንቢሌን አንስቼ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

እያጉረመረመ አቆመና ወረደ። ቆየ። የመፍቻው ድምፅ ሦስት ጊዜ ተሰማኝ። ሲመለስ ዓይኔን አላየኝም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አለ ዝግ ብሎ። ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር የሳቀ የለም፤ ከወንበሬ ሥርም የተነቃነቀ ነገር የለም።

ያኔ ብቻዬን ስውል ፍርሃቴን የምነግረው ሰው አጥቼ ለብረት ነገርኩት መሰለኝ። ዛሬ ብቸኝነቱ ያው ነው፤ አፌ ግን ተፈቷል።

በሬን ከፈትኩ። ጠዋት በልቼ የተውኩት የቆሎ ሳህን እንዳለ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ደጃፉ ላይ ቆምኩና፣ ልስማው የሚል ባይኖርም፣ "ደረስኩ፣ ደህና ነኝ" አልኩ።