ስንዝርና አራት ጣት

ዳኘው ጠዋት ጠዋት ላንድሮቨሩን ከማስነሣቱ በፊት፥ ዘይት ሳያይ፥ ውሃ ሳይሞላ፥ ጎንበስ ብሎ እጁን በጎማውና ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ መካከል ያስገባል። ጣቶቹን ዘርግቶ ይለካና መዳፉን በሱሪው ጠርጎ ይነሣል። የደባርቅ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ይህን ባየ ቁጥር፥

«ዛሬስ አደገች?» ይለዋል።

«ምን ታድጋለች፤ ተኝታ ነው ያደረችው» ይላል ዳኘው።

ተወልዶ ያደገው ዳባት ነው። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ጫኝ ሆኖ ገብቶ፥ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከሾፌሮች ጎን እየተቀመጠ መንዳት ለመደ፤ ኋላም የጤና ጣቢያው ሾፌር ሆነ። ዝምተኛ ሰው ነው። መንገድ ላይ የተጫነ አህያ ሲያገኝ ጡሩምባ አይነፋም፤ አህያው ዳር እስኪይዝ ቀስ ብሎ ከኋላ ይከተላል። ከሰው ጋር ተጣልቶም አያውቅም። አንድ ዓመት ግን ከአንድ ድንጋይ ጋር ተጣላ።

ድንጋዩ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንደ በር ደፍ ስለሚያቋርጠው የአገሩ ሰው «ደፉ» ይለዋል። በአንድ ወገን ገደል፥ በሌላው ተዳፋት ስለሆነ ዞሮ ማለፍ አይቻልም። በበጋ ሰው ትንንሽ ድንጋይ እየደለደለበት መኪና ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ድልዳሉን ይወስደውና ደፉ ራቁቱን ይቀራል።

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ክረምት ዳኘው ታናሽ እህቱን ማንጠግቦሽን ምጥ ይዟት ከመንደሯ ሲያመጣ፥ የፊት ጎማዎቹ ደፉን ወጡና የመኪናዋ ሆድ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጎማዎቹ ጭቃውን ከመርጨት በቀር ምንም አላደረጉም። በሬ ተፈልጎ፥ ተጠምዶ፥ ተጎትታ እስክትወጣ ቀኑ መሸ። ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ። ማንጠግቦሽ ወንድሟን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም፤ ዳኘውን የከበደውም ይኸው ነበር።

በዓመቱ፥ በሚያዝያ፥ ደግማ ሰባት ወር ገባት። ዳኘው ልጁ የሚወለድበትን ቀን ሲቆጥር ሰኔ ላይ ይውላል፤ ዝናቡም የሚመጣው ሰኔ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ገብቶ፥ «ጌታዬ፥ መኪናዋን አንድ ስንዝር ከፍ ላድርጋት» አላቸው።

«በምን? ዕቃው ከአሥመራ ይመጣ ነበር፤ አሁን መንገዱን ታውቀዋለህ። አዲስ አበባም ጻፍኩ፥ መልስ የለም። ካለው ነገር ከሠራህ ግን እጅህን አልይዝም።»

ዳኘው ሲያስብ ሰነበተ። ትልልቅ ጎማ አይገኝም። መኪናዋን በሚሸከመው ድርብርብ ብረት፥ በባሌስትራው፥ ሥር የብረት ጉርድ አስገብቶ ማስነሣትም ይቻላል፤ ነገር ግን መንገድ ሥራ ሳለ እንዲያ የተነሣ መኪና ጠመዝማዛ ላይ በጎኑ ሲጋደም አይቷል። የቀረው ባሌስትራውን ማደንደን ነው። ከጤና ጣቢያው ጓሮ የወደቀ አሮጌ የጭነት መኪና አለ። ከባሌስትራው ስምንት ዝርግ ብረት ፈትቶ ላንድሮቨሩ ላይ ጫነና፥ ከዳባት ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የቤተ እስራኤል መንደር፥ ወደ አንጥረኛው ወደ ቢራራ ሊወስደው ተነሣ። ቢራራ የዚያን አገር ማረሻ ሁሉ ከአሮጌ ባሌስትራ ነው የሚሠራው።

«ቀጥቃጭ ቤት ልታድር ነው? ክታብህን እንዳትረሳ!» አለው ዘበኛው።

«የአባትህን ማረሻ ማን የሠራው መስሎህ ነው?» አለ ዳኘው። ዘበኛው በሩን ከፈተለት።

ቢራራ ዘንድ የደረሰው ዓርብ ወደ ማታ ነው። ሽማግሌው እሳቱን አጥፍቶ፥ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን ይታጠብ ነበር።

«አያ ቢራራ፥ እንደምን ዋሉ? ሥራ ይዤ መጣሁ።»

«ነገ ሰንበታችን ነው፤ እሳት አንነካም።»

«ከነገ ወዲያ ደግሞ የኔ ነው» አለ ዳኘው አንገቱን ደፍቶ።

ቢራራ ሣቀ። «እንኳን ደስ ያላት! መኪናህ ሁለት ሰንበት አከታትላ ልታርፍ ነው።»

ሰኞ ማለዳ ሥራ ጀመሩ። ቢራራ ወፍራሞቹን ብረቶች በልክ ቆረጠ፤ ዳኘው መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ገጠማቸው። ማክሰኞ ከሰዓት መኪናዋ ስንዝር ሙሉ ከፍ አለች። የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ግን እንደ በገና ጅማት ተወጥሮ ነበር። ዳኘው አይቶ እንዳላየ አለፈውና፥ የአገሩ ሾፌር ሁሉ ባሌስትራ ሲያሠራ እንደሚያደርገው፥ አራት ጆንያ ገብስ ጭኖ ወንዙ ዳር ባለው ድንጋያማ መንገድ ነዳት። ወረደች፥ ወጣች፤ ሆዷ ምንም አልነካም። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

የቢራራ ባለቤት ድንቅነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። በደጇ ጭቃ እያሸች ሁሉንም ስታይ ቆይታ ነበር።

«ልጄ፥ ገብስ ልታመላልስባት ነው?» አለችው።

«የለም፥ እትዬ። ወላድ ላመጣባት ነው።»

«ታዲያ ገብስ ምን ይነግርሃል? ጆንያ እንደሆነ ቢገለበጥም ዝም ነው።» እጇን አለቃለቀችና ሦስት ትንንሽ ገንቦ አውጥታ ውሃ ሞላቻቸው። እጅ ለእጅ አልሰጠችውም፤ ከሌላ እምነት ሰው ላለመነካካት እንደ ልማዳቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችለትና እሱ አነሣ። «በል፥ ሰው በሚተኛበት ላይ አድርጋቸው።»

ዳኘው ጆንያዎቹን አውርዶ ገንቦዎቹን ቃሬዛው ላይ በገመድ አሠራቸውና በዚያው መንገድ ሄደ። ባዶዋ መኪና በዚያ ወፍራም ብረት ላይ እንደ ፍየል ዘለለች። ሲመለስ ከሦስቱ ገንቦ ሁለቱ ስብርባሪ ሆነዋል፤ የሦስተኛው ጆሮ ተነቅሏል።

ድንቅነሽ ስብርባሪውን እየለቀመች፥ «ይህች መኪና ወላድ አታደርስም፤ እመንገድ ላይ ነው የምታዋልደው» አለች።

ቢራራ ሣቀ፤ ዳኘው አልሣቀም። ውሃ ባራሰው ቃሬዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት ይህችን መኪና ሲነዳ አንድ ቀን ከኋላዋ ተኝቶ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ማንጠግቦሽ ከኋላ ተኝታ ስትመጣ እንዴት ሆና ነበር? የሚያስታውሰው ድንጋዩን ብቻ ነው።

«ስንዝር ካልሆነ ግን ደፉን አላልፍም» አለ በመጨረሻ።

«ስንዝሩን ተወው» አለ ቢራራ። «ቱቦህም አልደረሰም፥ አይቼዋለሁ፤ ፍሬንህ ሲበጠስ ደግሞ ገደሉ አይምርህም። የራሷን ባሌስትራ ፍታልኝ። ቀጭን ነው፥ ግን ይተጣጠፋል፤ ዕድሜ አስተኛው እንጂ አልሞተም።»

ዳኘው ብረቶቹን ወደ እሳቱ ሲወስድ ሽማግሌው ጮኸበት። «ወዲያ! እሳት ለማረሻ ነው። ባሌስትራ እሳት ከገባ ኃይሉን ይጥላል፤ አንዱን እንዲያ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።» ከዚያ ቀዝቃዛውን ብረት በመቀጥቀጫው አለት ላይ አጋድሞ፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣት በጣት እየተጠጋ ጉብጠቱ እስኪመለስ ቀጠቀጠው። ሁለት ቀን ሙሉ መንደሩ ሌላ ድምፅ አልሰማም። ከጭነት መኪናው ስምንት ብረት አንድ ቀጭን ብቻ በየጎኑ ጨመሩ። ሲገጠም መኪናዋ የተነሣችው አራት ጣት ነው። ቱቦው ላላ፤ ንዝረት የሚያበርደው አሮጌው አሞርዛተርም ሳይለወጥ ደረሰ። ድንቅነሽ ሌሎች ሦስት ገንቦ አመጣች፤ ሦስቱም ደኅና ተመለሱ፤ ከአፋቸው ትንሽ ውሃ ፈሰሰ እንጂ።

ዳኘው ግን እጁን ከጎማው በላይ አስገብቶ ይለካ ነበር። የጎደለው ስንት እንደሆነ ያውቀዋል።

ቢራራ አየው። «እኔ የምለው፥ አንተ ሰውዬ፥ መኪናዋን ብቻ ነው የምታስቸግረው? ድንጋዩን ምነው ማንም አይናገረው?»

«በዲጅኖ ተሞክሯል፥ አያ ቢራራ። ገበሬዎቹ ስንት ቀን ደክመው አንድ ፍንጣሪ አላወጡም።»

«በዲጅኖማ ምን ይሆናል!»

ሁለቱ ሰንበት ሲያልፍ ሄደው ደፉ ላይ ግንድ ከምረው አነደዱ። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ነደደ። ድንጋዩ ሲግል ፍሙን ጠርገው ከምንጭ የቀዱትን ውሃ ባንዴ ቸለሱበት። ደፉ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ጥቁር ገጹ ላይ ስንጥቅ ሄደ። ቢራራ ስንጥቁ ላይ ሽብልቅ እያስገባ መታው። ያን ቀንና በማግስቱ ሠርተው ከድንጋዩ ቁመት፥ መኪና በሚያልፍበት በኩል፥ ከስንዝሩ የጎደለውን ያህል አነሡለት። ቢራራ ላቡን እየጠረገ፥ «በል፥ ስንዝርህን መኪናህና ድንጋዩ ተካፈሉት» አለው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፥ ጠዋት፥ የማንጠግቦሽ ባል እየሮጠ መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ዳኘው ወደ መንደሯ ሲሄድ ደፉን ባዶዋን መኪና ይዞ አለፈው፤ እሱ ግን አላመነም። እህቱን ቃሬዛው ላይ አስተኝቶ፥ ባሏን ከጎኗ አስቀምጦ፥ ከድንቅነሽ የተዋሰውን ገንቦ ውሃ ሞልቶ ከራስጌዋ አሠረው። ማቃሰቷ ከምጡ ይሁን ከመንገዱ አይለይለትም፤ መንገዱን የሚነግረው ገንቦው ነው።

ደፉ ጋ ሲደርስ መሪውን ጨብጦ ማርሽ ቀነሰ። የፊት ጎማዎቹ ወጡ። ሆዷ ድንጋዩን ይዳስሳል ብሎ ጠበቀ፤ አልዳሰሰም። የኋላ ጎማዎቹ ወጥተው ወረዱ። ገንቦው ውስጥ ውሃው አንዴ ወዝወዝ አለ፤ ዝም አለ።

ትንሽ እንደሄዱ ማንጠግቦሽ፥ «ጋሼ» አለች በተቆራረጠ ድምፅ። «ደፉ ጋ ስንደርስ ንገረኝ፥ ጥርሴን ልንከስ።»

«ካለፍነው ቆየን።»

አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ፥ «ታዲያ ምን እንደ አህያ ጫኝ ታዘግማለህ? ንዳ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት።

በሳምንቱ ዳኘው ገንቦውን ይዞ ወደ ድንቅነሽ ሄደና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠላት። አንሥታ አፉን በጣቷ ዞረችው፤ አልተሸረፈም።

«ምን ወለደች?»

«ሴት። ጩኸቷን ዘበኛው በር ላይ ሆኖ ሰማው።»

«እናቲቱስ? መንገድ ላይ ምን አለችህ?»

«ሰደበችኝ።»

«እንግዲያ ደኅና ነው የመጣችው» አለችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።