እጅ የሚያስታጥብ መጠጥ

ወንድ ልጅ ቅል አቅፎ ወተት ሲንጥ ከታየ፣ በእኛ አገር ወይ ሚስቱ ሞታበታለች ወይ ልክፍት ነክቶታል ይባላል። የኔ ሚስት አልሞተችም። በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር።

«ቅቤ ስትሸጥ እንጂ ስትንጥ አይቼህ አላውቅም» አለችኝ።

«ቅቤ አይደለም የምፈልገው።»

«ወተት እየናጠ ቅቤ የማይፈልግ ሰውማ ጸበል ነው የሚወሰደው።»

ነገሩ የመጣው ከጎንደር ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ከወገዳ ቅቤ እየሰበሰብሁ ጎንደር ሳደርስ፣ ከደንበኞቼ አንዱ ኬክ ቤት የከፈተ ጣሊያን ነበር። አንድ ቀን ቅቤ ላስረክብ በጓሮ በር ገብቼ ሳለሁ፣ ሰውየው ኬክ ቆራርሶ ወተት ውስጥ ጨመረና እንደ ንብ በሚጮህ መኪና መትቶ በብርጭቆ ቀዳልኝ። ፍራፔ ይሉታል። ቀዝቃዛ ነው፤ አረፋው ከንፈር ላይ ይቀራል። ጣፋጭነቱ አልገረመኝም፤ ማር ከሚቆረጥበት አገር ነው የሄድሁት። የገረመኝ የሚታኘክ ነገር ሳይታኘክ መውረዱ ነው። ብርጭቆውን ሳልጨርስ አማቴ ትዝ አሉኝ።

አማቴ ቤተ ልሔም በምትባለው ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ መሪጌታ ነበሩ። ሚስታቸው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሲያርፉ፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ በበቅሎ አሳፍረን መካነ ኢየሱስ፣ እኛ ቤት አመጣናቸው። እሳቸው መጡ፤ የመብል ፍላጎታቸው እዚያው ቀረ። ጥርሳቸው አልቋል። አጥሚት ሲቀርብላቸው «እኔ አራስ ነኝ?» ይላሉ። ፍትፍት ሲሠራላቸው ደግሞ ነገሩ ከእጅ መታጠቡ ላይ ይቆማል። አርባ ዓመት ሙሉ ከማዕድ በፊት ውሃ ያፈሰሱላቸው ሚስታቸው ነበሩ። አሁን ልጃቸው ኩስኩስቱን ይዛ ስትቀርብ ሁለት እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ይከታሉ። እጁን ያልታጠበ ሰው ማዕድ አይቀርብም፤ እሳቸውም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው፣ በዚያች ብቻ ምግቡን ሁሉ ይመልሱታል። በውሃና በጥቂት ጠላ ያድራሉ።

ከጎንደር ስመለስ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሚስቴ ጓዳ ጠርታ «እንዲህ እንደሆኑ ሁዳዴን ከያዙት ለፋሲካ አይደርሱልኝም» አለችኝ። ጾሙን ይተዉት ብሎ የሚነግራቸው አልተወለደም። ለደካማ ይፈቀዳል እንዳንል፣ ሥርዓቱን ለሌላው ሲያስተምሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

ኬክ የለንም፤ የበሶ ጭብጦ አለን። የኔታ ጥርስ ሳላቸው፣ ለበዓል በቅቤና በማር የታሸ ጭብጦ ይወዱ እንደነበር ሚስቴ ነግራኛለች። እሱን ከነቅርጹ ወተት ያለበት ቅል ውስጥ ከትቼ ነው ያን ዕለት የምንጠው የነበረው። ስከፍተው ጭብጦው እንደ ጠጠር ይንኳኳል፤ ቅቤው ላዩ ላይ ረግቶ ያየኛል።

ሚስቴ ስቃ ስትጠግብ መጥታ ተቀመጠች። ማሩን ለብ ባለ ወተት አሟሟችው፤ በሶውን በስስ ወንፊት ነፋችው። ቅቤው ይቅር አለች። ቅቤ ነጋዴ ፊት እንዲህ ያለ ቃል መናገር ድፍረት ነው፤ ግን ልክ ነበረች።

ለቅዝቃዜው በማግስቱ ጧት ቅሉን ወስጄ እስከ አንገቱ ምንጭ ውስጥ ነከርሁት። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ከበቡኝ።

«ምነው፣ ክርስትና ልታነሣው ነው?» አለች አንዷ።

«ስሙን ማን ልትለው አስበሃል?» አለች ሌላዋ።

«አማቴን ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አልሁ።

ቤት ስመለስ እንደገና ናጥሁት፤ አረፋው ወጣ። በዋንጫ ቀዳሁት። የቀረው መሸጡ ነበር። ገበያ ላይ ቆሜ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዕቃህን ዞር ብሎ የማያየውን ሰው ግዛኝ አትበለው፣ ፍረድልኝ በለው።

«የኔታ» አልሁ፣ «እኔና ልጅዎ ተጣልተናል።»

«በምን?»

«በዚህ። እሷ መጠጥ ነው ትላለች፣ እኔ ምግብ ነው እላለሁ። ምግብ ከሆነ ለእንግዳ ስንሰጥ እጅ ማስታጠብ ይገባናል። መጠጥ ከሆነ ውሃ ይዞ መቅረብ መሣቂያ መሆን ነው።»

«ምን አለበት?»

«ወተት፣ ማር፣ በሶ።»

«በሶ ምግብ ነው።»

«ተበጥብጦ ሲጠጣስ?»

አንድ እጃቸው ከጋቢው ወጣ። «ሳያጣሩ መፍረድ ነውር ነው» ብለው ዋንጫውን ተቀበሉኝ። ሦስት ጊዜ ተጎነጩ፤ አረፋው ጢማቸው ላይ ቀረ። «ሲወርድ መጠጥ ነው። ከወረደ በኋላ ግን ይቀመጣል። ነገ እናየዋለን።»

ይህ ሰኞ ነው። ማክሰኞ «የትናንቱ ማሩ በዝቶበት ነበር፤ በዚያ አይፈረድም» ብለው ዋንጫውን ጨረሱት። ረቡዕ ጾም ነው፣ ችሎት የለም። ሐሙስ «ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል» ብለው ሁለት ዋንጫ ጠጡ። ቅዳሜ እኔ ስዘገይ ራሳቸው «ምስክሩ ዛሬ አልቀረበም?» ብለው ጠየቁ። ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች። ምን እንደሆነች ገብቼ አልጠየቅኋትም።

የቅበላው እሑድ ዶሮ ተሠራ። ሚስቴ ኩስኩስቱን ይዛ መጣች፤ አባቷን ላለማስጨነቅ እንደለመደችው እሳቸውን አልፋ ወደኔ ዞረች።

«ወዴት ነው?» አሉ።

ባለችበት ቆመች።

«ፍርዱን ስሙ። ምግብ ነው። ሳምንቱን ምግብ ስበላ ሰንብቻለሁ፣ ያውም እጄን ሳልታጠብ። ኀጢአቱ ያንተ ነው፣ ነጋዴ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ቅቤም እንዲህ ነው የምትሸጥ?»

«ቅቤ ይቀላል፣ የኔታ።»

ሁለቱም እጆቻቸው ከጋቢው ወጡ። ጣቶቻቸው በጣም ከስተው ነበር። ልጃቸው አፈሰሰችላቸው፤ ታጥበው ከጨረሱ በኋላም ታፈስ ነበር፤ እሳቸውም በቃኝ አላሉም። እኔ ስደክም የሰነበትሁት ለጥርሳቸው ነበር። ከጥርሱ ይልቅ ውሃውን ከሌላ ሰው እጅ መቀበል እንደከበዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰኞ ቅሉ ታጥቦ ተሰቀለ። የኔታ ከሁዳዴ አንዲት ቀን አላጎደሉም። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሽሮ ፍትፍቱ ገና ሳይቀርብ፣ እጃቸው ከጋቢው ወጥቶ ውሃውን ይጠብቅ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጧት እጃቸውን ታጥበው፣ የቀረበውን ማዕድ ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ቅሉስ?» አሉ።

«ምንጭ ውስጥ ነው፣ የኔታ። ሲቀዘቅዝ አመጣዋለሁ።»