ስሙ የተቀየረው ቪዲዮ

አልከፈት ያለ ቪዲዮ የያዘ ደንበኛ ሱቋ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ገመዱን ትሰካለች። ቀጥላ የፋይሉን ዝርዝር ከፍታ ምስሉ በየትኛው ኮዴክ (የምስል ማጠፊያ ዘዴ) እንደታጠፈ ታያለች። ከዚያ ማንኛውም አሮጌ ቴሌቪዥን የሚያውቀውን ኮዴክ ትመርጣለች፤ ቢትሬቱን፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚፈሰውን የመረጃ መጠን፣ ከደንበኛው ኢንተርኔት አቅም ጋር ታመጣጥናለች። በመጨረሻ አስር ሰከንድ ብቻ ቆርጣ ትሞክራለች። ሳትሞክር ሙሉውን ለውጣ አታውቅም። ሰፈሩ "እትዬ ጥራት" ያላት ለዚህ ነው፤ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ አሽሙሮ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በክራንች እያነከሰ ገባ። እግሩ በጄሶ ታስሯል። ልጁ ሌላ ከተማ ትዳራለች፤ መሄድ ስላልቻለ የአባትነት ቃሉን በቪዲዮ አስቀርጿል። አስር ሰዓት ላይ በሠርጉ አዳራሽ ቴሌቪዥን ይታያል ተብሏል። ጠዋት ሲሞክሩት ግን ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም።

"እኔማ መላ ፈልጌለት ነበር" አለ። "ከፋይሉ ስም መጨረሻ ያሉትን ፊደሎች ወደ ኤም ፒ ፎር ቀየርኳቸው።"

"ስሙን ቀየርከው?"

"አዎ።"

"ወንድሜ፣ በሬውን ላም ብለህ ብትጠራው ይታለባል? ስሙ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ስልኩ ምስሉን በአዲስ ዘዴ አጥፎ ከቶታል፤ የአዳራሹ ቴሌቪዥን ያንን እጥፋት መዘርጋት አያውቅበትም። በል ላክልኝ።"

ላከ፤ በቻት። ከፈተችው። በምስሉ ላይ የሹፌሩ ፊት ጡብ በጡብ ሆኗል፤ አፉ ከጺሙ አይለይም።

"ቻቱ ጨፍልቆታል! የጣለውን ዝርዝር እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ዋናውን አምጣ።"

"አጠፋሁት እኮ። ደረሰሽ አይደል?"

"ከተሰረዙት ውስጥስ?"

"እሱንም ጠረግኩት። ቦታ ያዘብኛ!"

"እንዴት ያለህ ንጹሕ ሰው ነህ!" እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። "ማን ነው የቀረጸህ?"

"ሚስቴ፣ በራሷ ስልክ። እኔ በገመድ ነው የወሰድኩት።"

"ይህን እስካሁን ሆድህ ውስጥ ይዘህ?"

ደወሉላት። ሚስትየው ወዲያው "ላክኩት!" አለች።

"በአራት ሰከንድ? የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ?" ከፈተችው። ያው ጡብ። "እህቴ፣ 'ቪዲዮ' የሚለውን ተዪው፤ 'ፋይል' የሚለውን ንኪና ላኪው።"

"ቪዲዮ አይደል እንዴ?"

"ነው! አንቺ ግን ፋይል በዪው!"

ሹፌሩ ክራንቹን ደገፍ ብሎ ሳቀ። "እትዬ፣ ስም ምንም አይቀይርም አላልሽም?"

ቢቸግራት ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ዋናው ፋይል ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ለወጠችው፤ አስሯን ሰከንድ ሞከረች፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ወደ አዳራሹ ሰደደችው። እዚያ ያለው ቴክኒሻን ደውሎ "ምስሉም ድምፁም ጥርት ብሏል" ሲል ሹፌሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለ፤ አይኑን በእጅጌው ጠራረገ። እሷ ግን ንዴቷ ገና አልበረደም።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ ልመናዋ አንድ ነው፦ የምትወዱትን ሰው ቪዲዮ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ። ተቀባዩም ከፍቶ "ጥርት ብሎ ይታያል" ሳይላችሁ ዋናውን አታጥፉ። ቦታ ከጠበባችሁ የምሳ ሳህናችሁን ፎቶዎች አጥፉ፤ ስለ ፈጣሪ።