ድርሻህን እኔ ልስገድልህ

ያስገቡኝ ውጫሌ ካለ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል። ከላይ አንዲት ፍርግርግ መስኮት፣ ከታች ሲሚንቶው ላይ ባዶ ኬሻ አንጥፈው የተቀመጡ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች። ወታደሩ በሩን ሲከረችመው ሰዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የወጣ ሰሞን ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። አንድ ደንበኛ ጦርነቱ ይብቃ፣ ልጆቻችንን አትማግዱ የሚል ወረቀት አመጣልኝና አባዛሁለት። ሳላነብ ነው ብዬ አልዋሽም፤ አንብቤዋለሁ። ለውጡ የመጣ ጊዜ የፖለቲካ እስረኞች ሲፈቱ በቴሌቪዥን እያየሁ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ የእስር ነገር አበቃ ብዬ ነበር፣ ሞኝ!

መጋዘኑ ውስጥ የምንፈራው የቀኑን አሥር ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ገደማ መኪና ይመጣል፣ በር ይከፈታል፣ ስም ይጠራል። የተጠራው ወዴት እንደሚወሰድ የሚነግረን የለም፤ ተመልሶ የመጣም አላየሁም። ሰዓቱ ሲቃረብ ወሬ ይቆማል። ሞተር በተሰማ ቁጥር ሁላችንም በሩን እናያለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ባጃጅ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ወታደሮች አንድ ሰው በብብቱ ይዘው አስገቡና አጠገቤ ጣሉት። ወረቀቱን ያመጣልኝ ደንበኛዬ ነው፤ አስተማሪ ነው። ውስጥ እግሩን ስለገረፉት መቆም አይችልም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣

"ስምዎን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። አላውቅም ነበር።

"ዛሬ እንደሚወስዱኝ ነግረውኛል። እርስዎ ድሮ ቄስ ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ። እባክዎ ያናዝዙኝ፤ ንስሐ ሳልገባ አልሂድ።"

እውነት ነው፣ ቄስ ነበርኩ። ባለቤቴ ሞተችብኝ፤ ብቻዬን መኖር ቢያቅተኝ ሌላ አገባሁ። ቄስ ዳግመኛ አያገባምና ክህነቴ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ተሳልሜ እመለሳለሁ እንጂ ንስሐ አባት ፊት ቀርቤ አላውቅም። አፍሬ ነው።

"ክህነቴ ፈርሷል" አልኩት። "የፈረሰ ቄስ ማናዘዝ አይችልም። ሕጉ ነው።"

ሕጉስ ሕጉ ነው። ግን ስናገረው ደስ አለኝ፤ ይኼን አልደብቅም። አምስት ቀን ልጆቼ ምን በልተው ይሆን እያልኩ የተብሰለሰልኩት በሱ ምላስ ነው። ሕጉ ለቂሜ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነልኝ።

አልተከራከረኝም። "እንግዲያው አለቀልኝ" ብሎ ኬሻውን ፊቱ ላይ ሳበው።

ወዲያ ማዶ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የተያዙ አንድ ሽማግሌ ሸህ ተቀምጠዋል፤ ልጅህ ጫካ ገብቷል ተብለው ነው። የተባባልነውን ሰምተዋል።

"አንተ ቄሱ፣ የናንተን ሕግ እኔ አላውቅም" አሉኝ ቀስ ብለው። "ግን ያ ረቢ! ይኼን ሰው እንዲህ አርገህ ልትሸኘው ነው?"

ወደ መስኮቷ ዞርኩ። ሸሁ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግደው ተቀመጡ። የመስኮቷ ብርሃን ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳውን መውጣት ጀመረ። ስንት ዓመት ቆሜ የሰበክሁት ክርስቶስ የመጣው ለኃጢአተኛ ነው እያልኩ ነው። ለራሴ ግን አላመንኩትም፤ ባምነው ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ከደጅ አልመለስም ነበር። ለራሴ ያላመንኩትን ምሕረት ለሱም ነፈግሁት። ይኼ የገባኝ ያኔ ነው።

ኬሻውን ገለጥኩለት።

"ስማኝማ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ ልልህ አልችልም፤ ብልህ ውሸት ነው። ይቅር ልልህ ግን እችላለሁ፣ ለሱ ክህነት አይጠየቅም። ይቅር ብዬሃለሁ። የቀረውን ለራሱ ለጌታ ንገረው፤ ይሰማሃል።"

ከንፈሩ ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ "ቀኖናስ?" አለኝ። አስተማሪ ነዋ፣ ሥርዓቱ እንዲጎድል አልፈለገም።

"እሱንም የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ግን አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እያልን እንስገድ።"

ያበጠ እግሩን አየ፤ እኔም አየሁት። ደግ ንስሐ አባት የደከመ ልጁን ቀኖና ተካፍሎ ይሰግዳል፤ ቄስ ሳለሁ እኔም አድርጌዋለሁ።

"ድርሻህን እኔ ልስገድልህ። አንተ በአፍህ በል።"

ሰዎቹ ተጠጋግተው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ቦታ ለቀቁልን። እሱ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ሲል እኔ ወድቄ እነሣለሁ። ሸሁ ከፍተሻ ያተረፏትን መቁጠሪያ አወጡ።

"የኔዋ ሠላሳ ሦስት ናት። ስምንቷን በጣቴ እጨምራለሁ፣ አብሽሩ" አሉ።

ሃያ ስንደርስ ሞተር ተሰማ። ባጃጅ አልነበረም። አስተማሪው ወደ በሩ ዞረ።

"አታቋርጥ" አልኩት።

ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ፈጠንን። ሸሁ "ሠላሳ ስምንት" ሲሉ በሩ ተከፈተና የአስተማሪው ስም ተጠራ። ዳግመኛ ተጠራ። የቀሩትን ሦስቱን ቀስ ብሎ አለ፤ እኔም ሰገድኩ። ወታደሩ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቆሞ ጠበቀን።

አስተማሪው ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ሊደግፉት የመጡትን በእጁ መለሰና በዚያ እግሩ እየተራመደ ሄደ። በሩ ላይ ዞሮ የክርስትና ስሙን ነገረኝ።

እኔን ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁኝ። በሳምንቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሬ ሄጄ፣ አንድ አባት ፊት ተንበርክኬ የዘጠኝ ዓመቱን ሁሉ ተናዘዝኩ። ክህነቴ አይመለስም። ቀኖናዬን ጨርሼ ግን ከነቤተሰቤ ቆርቤያለሁ።

ያን ሰው ብዙ አፈላለግሁት። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤትም ቤተሰቡም የሚያውቁት ነገር የለም። አሁን በየወሩ የክርስትና ስሙን ለጸሎት አስጽፋለሁ። የሚጽፉት አባት አርጅተዋል፣ ይረሳሉ፤ በሄድኩ ቁጥር ብዕራቸውን አንሥተው "ከሕያዋን ነው ከሙታን?" ይሉኛል።

"ከሕያዋን ይጻፉልኝ፣ አባቴ" እላቸዋለሁ።